ሁለት አምስተኛ

መምህር ቶኩናጋ፣ ጡረታው የቀረበው፣
የኋላውን ወንበር፣ ያን ትንሹን፣ ሳበው።
ጉልበቱ አልገባለት፤ በጎን ተቀመጠ፣
ሰዓቱን አውጥቶ ወደ እኔ አፈጠጠ።
የሩጫ ሰዓት ነው፣ ስፖርት ቀን የሚወጣ፤
ሯጭ በሌለው ክፍል ምን ሊለካ መጣ?

ውጭ በረዶ ይጥላል። ኩሺሮ ወደብ ላይ
መርከብ ይጮኻል እንጂ መርከቡስ አይታይ።
ሰሌዳው ላይ ጻፍኩኝ፦ ግማሽ ሲደመር ሲሶ።
«ስንት ነው?» አልኩና፣ ምላሴ ገስግሶ
መልሱን ቀደማቸው፤ ልጆቹም ቀዱልኝ፤
ሃያ ስምንት ራስ ጎንበስ ቀና አለልኝ።

ማታ፣ መምህራን ክፍል፣ ከጋዝ ምድጃው ዳር
ወረቀት ገፋልኝ ምንም ሳይናገር።
ባንዱ ረድፍ ጥያቄዬ፣ ባንዱ የጠበቅሁት፦
አንድ ሰከንድ። አንድ። አንድ ተኩል። ቆጠርኩት፤
ከሠላሳ አንዱ ውስጥ ሁለት የሞላ የለም።
«መምህርት ኩዋባራ፣ ልጅ መብረቅ አይደለም።»

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት
እንዲህ አስተምሬ ስንቱ ልጅ አልፎበት!
በአውቶቡሱ መስኮት ክርክር ስደረድር፦
የገጹን ብዛት፣ የሰዓቱን ማጠር፣
የወላጁን ነገር... ሁሉን አስታወስኩ፤
ፌርማታዬ ሳይደርስ ምክንያት ጨረስኩ።

ያን ሌሊት የድሮ ልጆቼ በየፊታቸው መጡ፦
ዛሬ ዓሣ የሚጭኑ፣ ቶኪዮ የገቡ፣ የታጡ፤
ስንቱ ነበር በሰባት የሚደርስ ሐሳብ ይዞ፣
በአንድ ላይ ያለፍኩት፣ እጁ ከጉልበቱ ደንዝዞ?

በማግስቱ ጠየቅሁ። ከንፈሬን ነከስኩት፣
እጄን ወደኋላ፣ በጣቴ ቆጠርኩት።
ሦስት። የማሞቂያው ቧንቧ ኳ፣ ኳ አለ።
አራት። አንድ ላጲስ ወድቆ ተንከባለለ።
አምስት። ብብቴን አላበው።
ስድስት። ልናገር ነው፣ አሁን ልናገር ነው...
ሰባት ላይ አንድ እጅ፣ እስከ ጆሮ ብቻ፣
እንደ ተበዳሪ፣ ወጣ ከዳርቻ።

ካናዴ ናት። ካናዴ! ከሚያዝያ ወዲህ
ድምጿን የሰማሁት ስም ስጠራ ነው። እንዲህ
አለች፦
«ትናንት ያረሙት፣ ሁለት አምስተኛ ያልኩት፣
በቀይ የጫሩት... እኔ እኮ አየሁት።
ቅዳሜ፣ ቤዝቦል ላይ፣ ሁለት ወረወሩልኝ፤ አንዱን መታሁ።
እሑድ ሦስት ጣሉልኝ፤ አንዱን ብቻ አገኘሁ።
ያ ግማሽ፣ ይኼ ሲሶ። ወንድሜ ሲመዘግበው
ካምስት ሁለት አለ። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?»

ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት፦
ሺህ ጊዜ ያረምኩት የታወቀ ስህተት።
ሺህ ጊዜ ስጭረው፣ አንድ ቀን፣ አንዱንም
«ከየት አመጣኸው?» ብዬ አላውቅም።

መልስ አልነበረኝም። ጠመኔው ሟሟብኝ።
ከመስኮቱ በኩል ሹሄይ አዳነኝ፦
«ግማሽ ዳቦ በልቼ፣ ሲሶ ብደግምበት
ከግማሽ አነሰ? ሆዴ ይመስክርበት!»
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀች፤
እርሳሷን ነክሳ ቆየች፣ ቆየች፣ ቆየች።
(ስንት ሰከንድ? እንጃ። መቁጠሩን ረሳሁ።)
«ዳቦው ያው ዳቦ ነው» አለች፤ «የኔን አሁን አየሁ፦
የሁለት ግማሽ ነው፣ የሦስት ሲሶ ነው።
አንድ አይደለም እኮ... የምን? ነው ጥያቄው።»

ደወል። ገጽ ስድሳ ሁለት ግማሹ ቀረ።
(ግማሽ። የምን ግማሽ? ቃሉ ተቀየረ።)
ወረቀቷን አወጣሁ። ቀዩን ልፋቀው አልኩ፤
አልለቀቀም። ከጎኑ «የምን?» ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብ ስብሰባ ነበር። ርዕሰ መምህራችን
ቅጹን ገልጦ አየና አነሳ ዓይኑን፦
«ከሃያ ስምንቱ ልጅ ስንቱ ገባው?» አለኝ።
ማሰብ ጀመርኩ። የካናዴ እርሳስ ታየኝ፣
የሹሄይ ዳቦ፣ ዝም ያሉት ሃያ ስድስት...
«ሃያ አምስት እንበል» አለና ጻፈበት።

ከምድጃው ማዶ ቀጭ አለ፣ በስሱ፤
መምህር ቶኩናጋ እጁን ከኪሱ
አውጥቶ አሳየኝ፣ በጠረጴዛው ስር፦
አንድ ጣት ብቻ።