ራሱን የሚያበቅል

ሮስኮፍ፣ ብሬታኝ። ባሕሩ ሲሸሽ፣ ልብሱን ሲያወልቅ፣
ጀልባ ሁሉ በጎኑ ተጋድሞ ውሃ ሲጠብቅ፣
አሸዋው ላይ አረንጓዴ ነገር ይወጣል፤
ከሩቅ ላየው የፈሰሰ ቀለም ይመስላል።
ቀለም አይደለም፤ ትል ነው፤ እልፍ አእላፍ ትል፣
ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ፣ ፀሐይ ለመሞቅ የሚቸኩል።
አፍ አለው፣ አይበላም። አንጀት የለው፣ ደም የለው፤
ገላው ውስጥ ያደረ አልጌ ነው የሚቀልበው።
እንደ ደግ አከራይ ተከራዩን ተሸክሞ
ብርሃን ያሞቀዋል፤ ኪራዩን በስኳር ይቀበላል ደግሞ።

ኤኖራ ናት ያሳየችኝ፣ በመጣሁ በሳምንቴ።
“አትርገጪ። ቁሚ። አሁን በተረከዝሽ፣ አንዴ።”
መታሁ።
አረንጓዴው ጠፋ።
ዳርቻው ሁሉ ግራጫ ሆነ፣ እንደ ተገፈፈ ቆዳ።
“አየሽ? አወቁሽ” አለች፤ ወዲያው ቃሏን አረመች፤
“ተሰማሻቸው ልበል... ይህም በዛ” ብላ ሣቀች።
ሠላሳ ዓመት በሁለቱ ቃላት መካከል ቆማለች።

ቤተ ሙከራችን ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም።
ትሎቹን በሳህን አስቀመጥኳቸው፤
ጨረቃ የለ፣ ሞገድ የለ፣ ማንም አልነገራቸው፤
ውጭ ባሕሩ ሲሸሽ ግን፣ በዚያችው ሰዓት ወጡ፤
ሲመለስ ወረዱ። ቀናት ሙሉ ሰዓቱን አልሳቱ።
ትዝታ ነው? አልኳት።
“ቃሉ ይከብዳቸዋል” አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ ካጉሊው መነጽር።

ከዚያ፣ ከጸጉር በቀጠነ ምላጭ፣ የአንዱን ራስ ቆረጥነው።
(እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የሷም፤ ግን አልተነጋገርነው።)
ጭራው ብቻውን ቀረ፤ ዓይን የለው፣ ሚዛን የለው፤
ላይ የቱ፣ ታች የቱ፣ የሚለይበት የለው።
በሃያኛው ቀን ራሱን አበቀለ።
ሁለት የዓይን ነጥብ፣ ጥቂት ነርቭ፣ የተቋጠረ እንደ ክር፤
ሲነኩት ሸሸ። ያው ነው? ወይስ አዲስ፣ ከዜሮ የሚጀምር?
“እኛ ዘንድ” አልኳት “ራስ ጭንቅላት ነው፤ ራስ ደግሞ ‘እኔ’ ነው፤
ሰው ሲዝለፈለፍ ‘ራሱን ሳተ’ ነው የምንለው።”
“ድገሚልኝ” አለች። “ራስ።” ጻፈችው በራሷ ፊደል፣
ረ-ዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ስትንከባለል።

በየካቲት ብርድ፣ ከሽንኩርት ማሳው ጥግ፣ ራሷን ሳተች።
ጎልቬን የሚባል ገበሬ ነው ያገኛት፤ አንድ ቦቲዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል።
ሞርሌ ሆስፒታል። አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሷል።
“ንቃት የለም” አለ ሐኪሙ፤ ብዕሩን ከደነ።

ንቃት።
በኛ አገር ሸክላም ይነቃል፤
ስንጥቁ ብርሃን ያስገባል፣ የያዘውን ያፈሳል።
ከጭቃ ተሠርቶ መንቃት መሰንጠቅ ይሆን?
ዓለም ድሮም ይነካ ነበር፤ ብርድ ነካ፣ ጨው ነካ፣
አንድ ቀን፣ ጭቃ ውስጥ፣ አንድ ኢምንት “ነካኝ” አለ፣ ለካ።
ያቺን ኝ ማን ቀጠላት ከግሡ ጫፍ?
ያመመው ነው? የራበው? ወይስ ለመሸሽ የቸኮለ?
አላውቅም። ኤኖራም አታውቅም ነበር፤ ደመወዟን የበላችው ባለማወቋ ነው።

አሥራ አንደኛው ቀን። በሩን ገፍቼ ስገባ
ተረከዜ ወለሉን መታ፤
ጣቷ ወደ መዳፏ ገባ።
ነርሱ ሎይክ “የጅማት ነው” አለኝ፣ በደግነት፣ ደጋግሞ።
ጫማዬን አወለቅሁ። አሸዋው ላይ እንደምንቆመው
ዝም ብዬ ቆምኩ። ሩብ ሰዓት። ከዚያም በላይ።
ጣቷ ቀስ ብላ ወጣች።

ማታ ደብተሯን ከፈትኩ። ቀኑን ጻፍኩ፤ ባሕሩ የሸሸበትን ሰዓት ጻፍኩ።
“አወቀችኝ” ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት።
“ተሰማኋት” — ይህም በዛ።
ተመልሼ ከመጀመሪያው ቃል
ኝ-ን ብቻ አስቀረሁ።