ይጠብቃል

ከሴንት ስቲቨን ዳር፣ ከወንዙ ባሻገር
ካለስ የሚባል ከተማ አለ፤
በእነሱ አፍ ስም ነው፣ በእኔ አፍ ጥያቄ፣
"ማዶ ሰው ካለስ?" የሚል የመሰለ።
በመካከል ድልድይ፣ በድልድዩ ወገብ አንዲት ነጭ መስመር፤
ወዲህ የኦታዋ ደንብ፣ ወዲያ የዋሽንግተን፣
ከሥሯ ግን ውኃና አየር።

እዚያው ነው እንግዲህ፣ ልክ መስመሯ ስታልፍ፣
አርባ ሰባተኛው ብሎን የላላው፤
ራሱ በካናዳ፣ ዳዶው በአሜሪካ፣
አንገቱን ጨውና ዝገት የበላው።
በኅዳር ነው ያገኘሁት። ጣቴ ሲነካው ዞረ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ።
አለቃዬ ኦዴት ቴሪዮ በመዶሻዋ ጫፍ መታ አደረገችው፣
ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች፤ ድምፁ አልጣማትም።
"ይጥበቅ" አለች። ቀጥላም፣ "ግን በማን ፈቃድ?"
ከዚያ ወዲያ ለወራት ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ድንበር የሚሻገር ድልድይ ያለ ሚኒስትር ፈቃድ
አይሠራም፣ አይታደስም፣ አይለወጥም ይላል ሕጉ፤
ብሎን ማጥበቅ ማደስ ይሁን መለወጥ
አልተጻፈም በየትም ጥጉ።
አንቀጽ በግእዙ በር ማለት ነው፤
አንዱን ካንዱ እያልን አንኳኳን፤
ከውስጥ "ቅጽ ሙሉ" ይላል ድምፅ፣
ሞልተን ስንመለስ ሌላ በር ጠበቀን።

ማዶም ዌንዴል ፒንካም፣ የሜይኑ መርማሪ፣ ለአለቆቹ ጻፈ፤
የኛዎቹ በሚሊሜትር ለኩ፣ የነሱ በኢንች፣
የአንድ ብሎን ውፍረት ሁለት ሆነ።
ስለዚያች ፀጉር የማታህል ልዩነት
የበረዶው ወራት በደብዳቤ አለቀ፤
ብሎኑ ግን በዚህ መሃል መነመነ።
ከባድ መኪና እንዳያልፍ ታገደ።
ድንች የጫነ ሾፌር ከመታጠፊያው መስኮቱን አውርዶ
"አንድ ብሎን እኮ ዶላር ከሃምሳ ነው!" ብሎ ጮኸ።
የየትኛው አገር ዶላር? ሳይነግረን ሄደ።

ወንዙ ደግሞ አለ። በቀን ሁለቴ
ባሕሩ ሲገፋው ሽቅብ ይፈሳል፤
ለዚህም ማመልከቻ አላስገባም።
ዓሣው ከእግራችን ሥር ወዲያ ሲል ወዲህ ሲል
ከክንፉ በቀር የሚያስመዘግበው የለም፤
እሱን አይቼ ሕጉን ሰደብኩ።
ኦዴት መዶሻዋን አስቀመጠች። "አትሳደብ" አለችኝ፤
"እያንዳንዱ አንቀጽ የተጻፈው አንድ ሰው ከሰጠመ በኋላ ነው።
የአጎቴን አንቀጽ በቁጥሩ አውቀዋለሁ።"
ቁጥሩን አልነገረችኝም። አልጠየቅኩም።

ሪፖርቱን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ እሷ ትሞላለች፤
እኔ በኪስ ደብተሬ፣ የሁለቱም መንግሥት ሰው በማያነበው ፊደል፣
ቀኑንና አንድ ቃል ብቻ እጽፋለሁ፦ ይጠብቃል።
ጠብቆ ከተነበበ፣ ብሎኑ ቆሟል፣ ትእዛዝ ይጠባበቃል፤
ላልቶ ከተነበበ ግን ይጠነክራል፣ ብረት ከብረት ይጣበቃል።
ሲጠብቅ የሚዘገይ፣ ሲላላ የሚጠነክር ቃል!
ይህን ለኦታዋ በየትኛው ቅጽ ላስረዳ?
ለዋሽንግተንስ?

በሁለተኛው ጥር፣ ጉም ድልድዩን በዋጠበት ሌሊት፣
ዌንዴል ከወዲያ መጣ፣ ኦዴት ከወዲህ፣
በየእጃቸው መፍቻ
(ለማጥበቅም የሚያዘው መፍቻ ነው)።
አንዱ ራሱን ካልያዘ፣ ሌላው ዳዶውን ቢያዞር
ብሎን አብሮ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም፤
እሷ ያዘች። እሱ አዞረ።
መስመሯን የረገጠ የለም።
"ሩብ ዙር" አለች።
ብረቱ እንደ ድመት ጮኸ፣ ዝም አለ።

ፈቃዱ በሰኔ ደረሰ፣ ባለ ሁለት ማኅተም፤
ፈርመን ተቀበልን፣ ብሎኑን ለወጉ ነካ አድርገን ወረድን።
የዚያ ሌሊት ሪፖርት ግን "ለውጥ የለም" ነው የሚለው።
እኔም በደብተሬ ያንኑ ቃል ጻፍኩ፣
አንድ ፊደል ሳልጨምር፤
አነባበቡን ብቻ ነው ያላላሁት።