በሰዓት ኪራይ

ምንይችል ይባላል ብስክሌት አከራይ፣
ከዋርካው ጥላ ስር፣ ከአቧራው ደጃፍ ላይ።
ሰንሰለት ሲያጠብቅ ቀና አለና አየኝ፣
«ለልጅዎ ነው?» አለኝ።
«ለራሴ ነው» አልኩት። ዝም አለ፣ ፈገግ አለ፣
ኮርቻውን ፈትቶ ዝቅ አደረገልኝ።

«ሠላሳ ብር በሰዓት፣ መያዣ መታወቂያ።»
የጡረታ ደብተሬን አወጣሁ ከጉያ፣
ማኅተሙ ያልደረቀ፣
ሠላሳ አንድ ዓመቴ ባንድ ቅጠል ያለቀ።

ፈታይ ነበርኩ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣
የሌሊት ፈረቃ።
ስገባ ጨለማ፣ ስወጣ ዓይኔ ጥጥ፤
ጣናን በጠረኑ፣ ዓባይን በድምጥ
ነው የማውቃቸው፣ ልክ እንደ ጎረቤት፣
በግድግዳ ወዲያ ሲያስል የምሰማው፣
ፊቱን ግን ሳላየው ሠላሳ አንድ ዓመት።

ዛሬ ግን ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ጠዋት፣
ፀሐይ እንደ ልብ ናት፣ ፊርማ የሌለባት።

ያስተማረችኝ ትሁኔ ናት፣ የጎረቤት ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመቷ፤
ሁለት ሳምንት ሙሉ በትምህርት ቤት ሜዳ
ኮርቻዬን ይዛ ሮጠች፣ አይ ትዕግሥቷ!
«እትዬ አትጠገብ፣ ጎማውን አይዩት፣
ዓይንዎን አርቁት።»
እኔ የለመድኩት ክር፣ ዓይን ሲነሣለት ነው እሱ የሚበጠስ፤
ይሄ ዓይን ሲያርፍበት ይደነብራል እንደ ፈረስ።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ወጣሁ።
ዘንባባው ከግራ፣ ዘንባባው ከቀኝ፣
አስፋልቱ እንደ ተዘረጋ አቡጄዲ ታየኝ።
ባጃጁ ከኋላ ጥሩምባውን ነፋ፤
«እማማ፣ መንገድ!» አለ፤ ሰጠሁት፣ መንገድ ሰፊ ነው።
ጊዮርጊስን ተሳልመው የሚመለሱ ሴቶች
ቆመው አማተቡ፤
አንዷ እልል አለች።
ለሹፈት ይሁን ለምርቃት አልለየሁም፤
ለማንኛውም ወሰድኩት።

ሐይቁ ዳር ደረስኩ።
ወረድኩ አልልም፣ ወደቅሁ፤
ጉልበቴ ተላጠ፣ ቀሚሴ ደንገል ለበሰ።
አንድ አባ ኮዳ አንገቱን አዙሮ
እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ከላይ እስከ ታች አየኝ፣
ጉዳዬን ሳይሰማ ወደ ዓሣው ተመለሰ።
ማዶ ዘጌ ጠቁራ በጎኗ ተኝታ፣
ታንኳ ሲያልፍ በፊቷ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣
ውሃ ይግባው አይግባው ሳይለይ፣ በዝግታ።

ድልድዩ ላይ ቆምኩኝ።
«ጉማሬ! ጉማሬ!» አሉ ልጆች፤
ጆሮ ብቻ አየሁ።
ጆሮም ይበቃል።
ከዚያ አዳመጥኩ፣ ዓባይን፣ ያንን የማውቀውን።
ዝም።
እንዲሁ ይሄዳል፣ እንደ ዘይት፣ ኮሽ ሳይል።
ለካስ ያ ሁሉ ሌሊት፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ
ዓባይ ነው ያልኩት ድምጥ
ማሽኑ ነበረ፣
ከጆሮዬ ሳይወጣ አብሮኝ ቤት የገባ።
ሐዲዱን ይዤ ጥቂት ቆየሁ።
ሳቅም መጣ፣ እንባም፤ አንዱን አልመረጥኩም።

ቤዛዊትን ግን አልዋሽም፣ እየገፋሁ ወጣሁ፣
ብስክሌቱን እንደ ሰነፍ አህያ፣ በየጥላው ቆሜ።
ከላይ ሆኜ ቤቴን ፈለግሁ፤ ጠፋ፣
ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ምን ይለየዋል።
ፋብሪካው ግን ወዲያው ታየኝ።
አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አውራ ጣቴን ዘረጋሁ፤
ሸፈነው፣
ጣሪያውን፣ አጥሩን፣ በሩን፣ ሠላሳ አንዱን ዓመት፤
ጥፍሬ እንኳ ተረፈ።
ጣቴን ሳነሣው እዚያው ነው።
ይሁን።

ቁልቁለቱን ፍሬን ጨብጬ ጀመርኩት፤
ጣቶቼ ጨብጠው መኖር ያውቁበታል።
ከዚያ አንዱን ፈታሁ። ከዚያ ሁለተኛውን።
ለምን ያህል ቢሉኝ
ለሦስት የስልክ እንጨት፣
ነጠላዬ ከወገቤ አምልጦ ከኋላዬ ሲጮህ።

ስድስት ተኩል ላይ መለስኩለት።
ምንይችል ጉልበቴን አየ፣ ጎማውን አየ፣
ሰዓቱንም አየ።
«መቶ አምስት ብር፤ ትርፍ ሰዓት ነው እናቴ።»
ትርፍ ሰዓት!
ስንቱን ሠራሁት፣ ስንቱን ለመንኩበት፤
ስከፍልበት ገና ዛሬ ነው።
ቆጠርኩለት፣ አምስቷንም ሳላስቀር።
ደብተሬን ሲመልስልኝ ማኅተሙ ላይ
የአውራ ጣቱ ግራሶ አርፎበታል።
አልጠረግሁትም።
«ነገ ስንት ሰዓት ትከፍታለህ?»