ዘጠና ሰከንድ

ሻርጃ ውስጥ፣ ከሮላ ጀርባ፣ የምሠራበት ሱቅ በር ላይ፣
ግድግዳ የሚያህል ስክሪን አለ፤ ዘጠና ሰከንድ የሚያሳይ፣
ሲያልቅ እንደገና የሚጀምር፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣
የአዲስ ጌም ማስታወቂያ፤ ሰው ከዋክብት የሚያስስበት ጨዋታ።

መጀመሪያ ጨለማ ነው። ቀጥሎ ቀይ አቧራ።
መንኮራኩር እንደ አንበጣ እግሯን አጥፋ ታርፋለች፣ ካንድ ራቁት ተራራ።
በሩ ሲከፈት ሰውዬው በዝግታ ይወርዳል፤
የመስታወት ቆብ አጥልቋል፣ በቆቡም ላይ ባርኔጣ ደፍቷል።
ባርኔጣ! የካውቦይ ባርኔጣ፣ ክንፈ ሰፊ፣ ጠርዙ የታጠፈ፤
ጊታሩ ጠብ ጠብ ሲል፣ አርሞኒካው ሲያላዝን፣ ፉጨቱ ከላይ ተንሳፈፈ።

ቢጁ፣ የካሊኩቱ፣ ከካዝናው ኋላ ሆኖ ይስቃል፦
«ላም የለ፣ ሣር የለ፣ ይሄ እረኛ ምኑን ይነዳል?
አየር ከሌለስ በየትኛው ትንፋሹ ያፏጫል?»
ዙልፊቃር ይቆጣል። «ዝም በል፣ ይህ ዜማ ነው» ይላል፣
«ግን እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ሩባብ አስገባ ነበር፤
ለባዶ መሬት ሩባብ ነው፤ ምን አባቱ ያውቃል ጊታር?»
«ዋሽንት» አለች ሱኒታ፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ፤
ድምፅ ሰጠንበት እንግዲህ፣ ደንበኛ እስኪመጣ፣ ሰዓት እስኪገፋ።
ሁሉም ወደኔ ዞሩ። «አንተስ? የናንተ አገር ሰው?»
የዋጋ መለጠፊያውን ይዤ ነበር። «እንጃ» አልኩ። ሌላ ምን ልመልሰው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ፣ ለልጅ ልጃቸው ሊገዙ መጥተው፣
ከዘራቸውን ወደ ስክሪኑ ቀስረው፣ ቆመው አይተው አይተው፣
«ይህ ሌላ ዓለም አይደለም» አሉ፣ «ሊዋ ነው፤ አሸዋውን አውቀዋለሁ፤
አባቴ እዚያ ጉድጓድ ነበረው፤ ባዶ ነው ያለው ማነው?»
ልጁ አፈረባቸው። ሁለት ገዝተው ሄዱ።

ማነው ግን የመረጠው? ሳስበው፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ የደፋ፣
ሻዩ የቀዘቀዘበት አንድ ሰው፣ መቶ ዜማ ሞክሮ የለፋ፤
«ጠፈር የት ይጀምራል?» ብሎ፣ «ሕግ ካለቀበት ዳር፤
ሕግ ካለቀበት ደግሞ ባርኔጣ፣ ፈረስ፣ ጊታር።»
ለሱ ድንበር ማለት ገና እግሩ ያልነካው ነው፤ ይጠራዋል።
እኔ የማውቀው ድንበር አይጠራም። ያዳምጣል።

ከኦቦክ በጀልባ፣ ከዚያ በእግር የመንን ሽቅብ ይዘን፣
(ቪዛና አውሮፕላን በሌላ ዓመት ነው) ጨረቃ እስክትጠልቅ አድፍጠን፣
አሻጋሪው ሳል ዋጡ አለ፤ ስልክም፣ ስምም አጥፉ።
አወል፣ የከሚሴው፣ ሲጨንቀው ማፏጨት ነው ትርፉ፤
ሳያውቀው አንዲት ስንኝ ያህል ከከንፈሩ ብታመልጠው፣
አሻጋሪው በራሱ በአወል ሽርጥ አፉን ጠፍሮ አሰረው።
ሲነጋ ፈታለት። አወል ከንፈሩን ሰበሰበ፣ ነፋ፤
ንፋስ ብቻ ወጣ። በሳቅ ልንሞት። ከዚያ ሳቁም ጠፋ።
አሁን ጂዛን መኪና ያጥባል ይላሉ፤ ያየው ግን የለም።

ባርኔጣ ያለው ግን ያፏጫል። የሚያስቀናኝ ያ ነው፤
አቧራው አይደለም፣ ኮከቡም አይደለም፤
ማን ሰማኝ ሳይሉ ማፏጨት። ከዚህ በላይ ሀብት የለም።

ማታ አምስት ሰዓት ላይ መጀመሪያ ድምፁን ነው የማጠፋው፤
ሰውዬው በዝምታ ይወርዳል፤ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ብቻ ነው ዜማው።
ያኔ ጠፈር ጠፈር ይሸታል። ያኔ ባርኔጣው ይከብደዋል፤
ያኔ አረማመዱ፣ ተጠንቅቆ፣ የኛን አረማመድ ይመስላል።
ከዚያ ስክሪኑን። ከዚያ መብራቱን። ከዚያ መዝጊያውን ወደ ታች።

ዛሬ ግን ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ቢጁ ክንዴን ያዘኝ፦
«እስቲ ራስህን ስማ» አለኝ፤ ቆምኩ፤ ምንም አልታየኝ።
ያንኑ ነበር ለካ የማፏጨው፤ የዚያን ባርኔጣ ዜማ፣
ዘጠና ሰከንዷን ሳላጎድል፣ እስከ መንገዱ ማዶ ሲሰማ።
ከቀይ መብራቱ ጋ ፖሊስ ቆሞ ነበር።
ቀና ብሎ አየን። ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ።