ለካ

ፋሮ ደሴቶች ላይ ዛፍ አይበቅልም ከቶ፤
እንጨት የሚገኘው ከባሕር ተተፍቶ፣
ከማይታወቅ አገር በማዕበል ተገፍቶ።
ሃኑስ አንዱን ግንድ በጥቅምት ማለዳ፣
ጨው የጠገበውን፣ የሩቁን እንግዳ፣
ጎትቶ አስገባው ከጀልባው ቤት ጓዳ።

«ከተረከዝ ጉልበት ራንቫ ይህን ታህላለች»
ብላ ሴት ልጁ ክር ከኮፐንሃገን ላከች።
ክሩን ከመስኮቱ ምስማር ላይ ሰቀለ፤
ግንዱ እስኪደርቅ ቆየ፤ ላገ፤ ፈለፈለ፤
መደገፊያውን አሸ በብርጭቆ ወረቀት፣
ጉንጭ ቢያርፍበት እንዳይሻክር ድንገት።
ኮላው እስኪይዝለት ደግሞ ሌላ ወር አለፈ።

እግር ግን፣ ለካ፣ ክር አይደለም።

በሰኔ ከመርከብ ዘላ ወረደች፤
ወንበሩን አየችው፤ ቁጭ ብላ ሞከረች፤
ጉልበቷ ካገጯ ደረሰ። ሳቀች።
ሃኑስ ጉሮሮውን ጠረገ፤
መላጊያውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠ።

እሷ ገለበጠችው፣ እግሮቹ ወደ ሰማይ፤
መሐሉ ገባችና በእጆቿ ቀዘፈች፦
«ግባ እንጂ አያቴ፣ ማዕበል ሳይመጣ!»

ማን ነገራት ግንዱ በምን እንደመጣ?

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ክር ከኪሱ አወጣ፤
ቀዛፊዋን፣ መቅዘፏን ሳታቆም፣
ከተረከዝ ጉልበት፣
ሁለት ጣት ጨምሮ
ለካ።