ሩብ ዙር

ኪሴ ውስጥ መፍቻ አለ፣ አሥር ቁጥር ብረት፣
የጭኔን ሙቀት የለመደ በሃያ አንድ ክረምት።
መካኒክ አይደለሁም፤ የሌሊት ነርስ ነኝ፣
ቶቦል ወንዝ አጠገብ፣ የሳይቤሪያ ውርጭ በመስኮት እያየኝ፣
አልጋ ካልጋ ስዞር ብሎን የማጠብቅ፣
"እንዴት አመሸህ?" ብዬ አጥንት የምጠይቅ።

ኑሪያ ስትመጣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ከቀኙ በሰባት ሴንቲ ያጥር ነበር ግራ ባቷ።
ልጅ ሳለች መግል አጥንቷ ውስጥ ገብቶ፣
ሌላው አካል ሲያድግ እሱ ተኝቶ ቀረ፣ ማደጉን ረስቶ።
አባቷ ከበርች እንጨት ጠርቦ፣ ከግራ ጫማዋ ሥር
ያበጀላት ሶል ነበር፣ ከእሷ ቀድሞ ስሟን የሚናገር፦
ጠብ… ኳ። ጠብ… ኳ።
ገና ከአጥሩ ማዶ ሲሰማ፣ እናቷ ሻይ ትቀዳ ነበር።

ዶክተር ሳቬሊ ያልተሰበረውን ሰበረው።
በመሮ። በቀስታ። ቅርፊቱን ብቻ፣ መቅኔውን ሳይነካው።
ወጌሻ የሰው ስብራት ሰምቶ ይመጣል፤
ይህ ደግሞ ደህና አጥንት ሰንጥቆ "አሁን ይድናል" ይላል!
ከዚያ አራት ቀለበት፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት፣
ሥጋ አቋርጦ በሚያልፍ ሽቦ፣ እንደ ክራር በተወጠረ ጅማት።
ከጎን አልጋ ካፒቶሊና፣ ላም አላቢዋ፣
አራት ዓመት አልገጥም ያላት ቅልጥሟ፣ አርፎ የማያውቅ አፏ፣
"አራት ቀለበት አሰሩልሽ" አለች፣ "ባሉስ የታለ?"
ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ብረቱም አብሮ ተንቃጨለ።

ሕጉ ቀላል ነው። ጠዋት በአሥራ ሁለት፣ ቀን በስድስት፣
ማታ በአሥራ ሁለት፣ ከዚያ እኩለ ሌሊት።
ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር። የሁለት ወረቀት ውፍረት።
ከቸኮልሽ መሐሉ ባዶ ይቀራል፣ ከዘገየሽ ይዘጋል በሩ፤
አጥንት ወይ ሞኝ ነው ወይ አፍቃሪ፣
ግማሹ ሲርቀው ይከተላል፣ እየተዘረጋ ከሥሩ።

በሠላሳ ስምንተኛው ሌሊት ትራሷን ነክሳ አገኘኋት።
ነርቭ ከአጥንት ይዘገያል፤ ሲጎተት እሳት።
ሩሲያኛው ጠፋባትና በታታርኛ ለመነችኝ፤
ቋንቋውን አላውቅም፣ ገባኝ።
መፍቻው መዳፌ ላይ ቀዘቀዘ።
መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ "ዞሯል።"
አልዞረም።

በየዐሥር ቀኑ ኢግናት ጫማ ሰፊው መጋዙን ይዞ ይመጣል፣
ከሶሉ አንድ ሴንቲ ቆርጦ "ይኸው፣ አደግሽ" ይላል።
ቁራጩን ተቀብላ መስኮቱ ላይ ትደረድራለች፣
"ቅቤ አምጡላት!" ካፒቶሊና ትጮሃለች።
ሰባት ቁራሽ እንጨት ሞላ።
ከዚያ ወዲያ መጠበቅ፤ ራጁ ላይ ጭጋግ የመሰለው አዲሱ አጥንት
ነጭ እስኪሆን፣ እስኪጠጥር፣ ወራት።

ቀለበቶቹ የወለቁት በሚያዝያ ነው፣ ቶቦል በረዶውን ሰባብሮ
ሲጓዝ ሌሊቱን እያንጎራጎረ፣ እንደ ጋሪ ተንኮሻኩሾ።
እናቷ በባቡር መጣች፣ ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶት፣
ኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ ጆሮዋ እንደ ቆመ ዘብ ነቅቶ።
ኑሪያ ከክፍሉ ወጣች። ጠብ… ጠብ… ጠብ።
እኩል። ንጹሕ። ለዚህ ነበር የዞርነው ሁሉ።
አሮጊቷ ግን ቀና አላለችም፤
"ነርስ ነሽ?" አለች፣ "ልጄን ጥሪልኝ፣ የእሷን እግር እስካሁን አልሰማሁም።"

ኑሪያ ቆመች። እኔን አየችኝ፣ ግድግዳውን አየች።
ከዚያ ግራ ዳሌዋን ጣል አደረገች፣
ተረከዟን መሬቱ ላይ መታች፣
ጠብ… ኳ።
ጠብ… ኳ።
ጠብ…
ሦስተኛዋን አልጨረሰችም። እናትየው ተነሥታ ነበር፣
እጇ አየሩን እየቀዘፈ፣ መሐረቧ ከራሷ ወርዶ።

የመሸኛ ወረቀቷን የሞላሁት እኔ ነኝ።
"ማነከስ" የሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዬ ትንሽ ቆየ።
"የለም" ብዬ ጻፍኩ።
መፍቻውን ወደ ኪሴ መለስኩ፤ በስድስተኛው አልጋ ሰዓት ደርሶ ነበር።