ለማንበብ ብቻ

በርገን ይዘንባል፤ ማታም ጧትም ያው ነው፣
መስኮቱ ያስታውሳል፣ እኛ ብንዘነጋው።
ካልሲዬን አውልቄ፣ ማሞቂያው ላይ ሰጥቼ፣
ኢንግቪልድን አያለሁ፣ እግሬን ዘርግቼ።

ሽቦው ከየት ጀምሮ፣ የት ላይ እንደሚያልቅ፣
የቱ ሳጥን ቆሞ፣ የቱ እንደሚወድቅ፣
የሚያውቅ መድረክ አለን፤ ስሙ «የእውነት ምንጭ»፤
ያለውን «የለም» ይላል፣ ከሆነ ከመዝገብ ውጭ።
ምንጭ ይበሉት እንጂ፣ እሱ አያፈልቅም፤
ከሰው ጓዳ ካልቀዳ፣ ጠብታም አያውቅም።

ዛሬ ሌሊት ሦስት ጓዳ ታገናኛለች።
አንዱ ከጎተንበርግ ነው፣ ኮንትራክተሩ የላከው፤
አንዱ ከሆስፒታሉ።
ሦስተኛው የኦድሌይቭ ነው፣
ጡረታ ሲወጣ ኬኩን ሳይቀምሰው
አሥራ ስምንት ዓመት የጻፈውን ይዞ
ደሴቱ ላይ የገባው።
ያ የጊት ማከማቻ አሁን ከቤቱ ደረጃ ስር፣
ከመቅዘፊያው ጎን፣ ከድንች ጆንያ ጋር
በአሮጌ ኮምፒውተር ያድራል።

ስልኩን አነሳ፤ ከኋላው ነፋስ ይሰማል።
«ቁልፍ ላኪልኝ፤ ይፋውን እንጂ ምስጢሩን አይደለም።
ለማንበብ ብቻ ነው፣ ሌላ መብት የለም።
ቤቴ ገብቶ ጽፎ የሚሄድ እንግዳ እኔ አልወድም።»

ጥንድ ቁልፍ አበጀች፤ አንዱን ላከችለት፣ አንዱን ደበቀች፣
አድራሻውን ጻፈች፣ ቅርንጫፉን ጻፈች፣
ቁልፉን ተጫነች።

ቀይ።
«ቅርንጫፉ አልተገኘም።»
እንደገና።
ቀይ።

ከሌሊቱ ስምንት ሆነ። ፋየርዎሉ ክፍት፣
ቶከኑም ሕያው ነው፣ አልደረሰም ለሞት፤
እኔ ነኝ ከወንበሬ ጣልቃ የገባሁት፦
«ሽማግሌው ምናልባት በራሱ አፍ ሰይሞት?»

ሰይሞት ነበር። ዓለም ሁሉ «ሜይን» ሲል
እሱ «ስታመ» ብሎታል፤
በሀገሩ ቋንቋ ግንድ ማለት ነው።
ስንት ሰዓት ሙሉ ቅርንጫፍ ስናስስ
ግንዱ ነበር የጠፋን።

ግንዱን ስትጠራው ሁሉም ፈሰሰ፣
አራት መቶ አሥራ ሁለት መሣሪያ፣ እየገሠገሠ፤
በየፋይሉ ጥግም የሱ ማስታወሻ፦
«ዋሻው ውስጥ ያለው ሳጥን በየካቲት ያለቅሳል። ይልቀስ፣ ደህና ነው።»
«ይህን ስትከፍት ጓንት አድርግ።»
«ይህን አትንካ። ለምን እንደሆነ ረስቻለሁ። ቢሆንም አትንካ።»

ስንስቅ አንድ ቢጫ መስመር ወጣ።
ሳንድቪከን፣ ሳጥን አርባ አንድ፣ ፖርት ሦስት።
በኛ መዝገብ «ባዶ» ነው፤ ሰኞ ይዘጋል።
በሱ ፋይል እንዲህ ይላል፦
«የወይዘሮ ጉንቮር የአደጋ ደወል።
ስትወድቅ የምትጫነው።»

«ተጽፎ ስድስት ዓመቱ ነው» አልኳት፤ «እስካሁን ማን ያውቃል?»
ኢንግቪልድ ጃኬቷን አነሳች።

ስትመለስ ከፀጉሯ ውሃው ይንጠባጠባል።
«መብራቱ አረንጓዴ ነው» አለች፤ «ብልጭ ድርግም ይላል።»
ሽቦው መኖሩን አይታለች፤
ሴትዮዋን ግን ሽቦ አይናገርም።

ማስታወሻውን ልታድስ ጣቷ ሄዶ ቆመ፤
መድረኩ ያነባል እንጂ፣ ብዕር አልተሰጠውም።
ስለዚህ ለደሴቱ ጻፈች፣ እንደ ሰው ለሰው፦
«ፖርት ሦስት። አሁንም ነው?»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሰማዩ ገና ጥቁር፣
ከደረጃው ስር አንድ ለውጥ መጣ፣ አንዲት መስመር፤
«ባዶ» የሚለው ቃል ከገጻችን ጠፋ።
የለውጡ መልእክት ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦
«ደወልኩላት። አለች።»

ምን አለች? ልል አፌን ከፈትኩ፣
የኢንግቪልድን ፊት አየሁና
ቃሉን መልሼ
አጥብቄ አነበብኩት።